ይዞ መልቀቅ የሚያውቅ ድንጋይ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን የ2025 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት በጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ለሚሠሩት ለሱሱሙ ኪታጋዋ፣ በአውስትራሊያ ሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ለሚገኙት ለሪቻርድ ሮብሰን እና በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ለሚያስተምሩት ለኦማር ያጊ መሰጠቱን በአጭሩ ጠቅሰን ነበር። ሦስቱ የተሸለሙት በውስጣቸው ጋዝ የሚያድርበት ባዶ ስፍራ ያላቸውን ቁሶች በመሥራታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው የሚጠይቁት እነዚህ ቀዳዳማ ቁሶች ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከጭስና ከአየር ይይዛሉ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ነው። ስድስቱን መርጠን ከዚህ በታች መልሰናል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋዝ በፊኛ ወይም በሲሊንደር ውስጥ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ድንጋይ ወይም ዱቄት ግን ጋዝን እንዴት ሊይዝ ይችላል? ስፖንጅ ውሃ እንደሚመጠው ዓይነት ነው?
(የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከቤትሽ ዕቃ እንጀምር። አዲስ የሸክላ እንስራ ውሃ ሲሞላ ውጪው ያልበዋል፤ ድፍን የሚመስለው ሸክላ በቀጫጭን ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ውሃው በዝግታ እየሰረገ ይወጣል። እንጀራም ቀዳዳማ ነው። ሊጡ ሲቦካ የሚፈጠረው ጋዝ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ሊጡ በጋለ ምጣድ ላይ ሲያርፍ ጋዙና እንፋሎቱ አረፋ ሠርተው ይፈነዱና ዓይኑን ትተው ይሄዳሉ። ታዲያ እንጀራ ያን ሁሉ ዓይን ይዞ ጋዙን ለምን ማስቀረት አልቻለም?

ነገሩ ያለው በቀዳዳው ስፋት ላይ ነው። የአንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ስፋት 0.33 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ናኖሜትር ደግሞ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እንግዲህ 3 ሚሊሜትር በምትሰፋ የእንጀራ ዓይን ውስጥ 9 ሚሊዮን ያህል ሞለኪውሎች ጎን ለጎን መሰለፍ ይችላሉ ማለት ነው። በዚህ ስፋት ባለው አዳራሽ ውስጥ ከግድግዳው የሚጠጋው ሞለኪውል ከስንት አንዱ ነው፤ የቀረው የሚይዘው ሳይኖር መሃል ለመሃል ወጥቶ ይሄዳል። ቀዳዳው ጠብቦ ወደ 1 ናኖሜትር ሲወርድ ግን ወደ ውስጥ የገባ ሞለኪውል ሁሉ በየአቅጣጫው ግድግዳ ያጋጥመዋል። በአተሞች መካከል ያለው ደካማ መሳሳብ ከሁሉም ጎን ሲደማመር እንደ ልቡ ይበር የነበረውን ሞለኪውል ለማሳረፍ በቂ ይሆናል። ጋዙ ድንጋዩ ውስጥ አይሟሟም፤ በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ስለዚህ ዋናው ሀብት የግድግዳው ስፋት ነው። አንድን ቤት በክፍል፣ ክፍሉን በጓዳ፣ ጓዳውን በመደርደሪያ እየከፋፈልሽ ብትሄጂ የቤቱ ስፋት ሳይጨምር ዕቃ የሚቀመጥበት ገጽ ይበዛል። የኦማር ያጊ ቡድን በ1999 ይፋ ያደረገው ሞፍ 5 የተባለው ቁስ በዚህ ረገድ እስከዚያ ያልታየ ነበር፤ ጥቂት ግራሞቹ የቀዳዳዎቻቸው ግድግዳ ቢዘረጋ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል። በአንድ የሻይ ማንኪያ የምትነሳ ዱቄት መሆኗን አስቢ።

ከስፖንጅ የሚለየው ደግሞ መምረጡ ነው። ስፖንጅ ያገኘውን ፈሳሽ ሁሉ ይመጣል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል በመካከሉ ካርቦን፣ በሁለቱ ጫፎቹ ኦክስጅን ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ ጫፎቹ በትንሹ አሉታዊ፣ መካከሉ በትንሹ አዎንታዊ ሙሌት አላቸው። ዜዮላይት በሚባለው ማዕድን ቀዳዳዎች ውስጥ አዎንታዊ የሶዲየም አዮኖች ተቀምጠዋል፤ እነዚህ የኦክስጅኑን ጫፍ ይስባሉ። ናይትሮጅንም ይሳባል፤ ግን በጣም ደከም ባለ ኃይል። ቀዳዳው ጠቦ ሁለቱ ጋዞች ሲጋፉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቦታውን የሚያገኘው በዚህ ልዩነት ነው።

ዜዮላይት የሚለውን ስም ያወጣለት አክሰል ክሮንስቴት የተባለ ስዊድናዊ የማዕድን አጥኚ ሲሆን ዘመኑም 1756 ነበር። ማዕድኑን በእሳት ሲያግለው ከውስጡ እንፋሎት እየተንጣጣ ሲወጣ አይቶ፣ በግሪክኛ "የሚፈላ ድንጋይ" ማለት የሆነውን ስም ሰጠው። ድንጋዩ ከአየር የሰበሰበውን ውሃ በሙቀት መልቀቁ ነበር። ይህን ውሃ ወዳድነቱን ልብ በይ፤ በሚቀጥለው መልስ እንመለስበታለን።

ጥያቄ፦ ዜዮላይት ርካሽ፣ ጠንካራና ለዘመናት የታወቀ ቁስ ከሆነ አዲሶቹ ውድ ቁሶች ለምን አስፈለጉ? ጋዝ የመያዝ አቅሙ ትልቁ የቱ ነው ብሎ መምረጥ አይበቃም?
(ሜካኒካል መሐንዲስ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ በዚህ ዓምድ ከሁሉ በላይ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፤ በጉዳዩ ላይ ከሚጻፈው አብዛኛው ሰው የሚያነበው የመያዝ አቅሙን ብቻ ስለሆነ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን መያዝ አስቸጋሪ ሆኖ አያውቅም። ኖራ ይይዘዋል፤ ግድግዳ ላይ የተቀባ ኖራ እየደረቀ የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወስዶ መልሶ የኖራ ድንጋይ ስለሚሆን ነው። ነገር ግን ያን ጋዝ ከኖራው ለማስለቀቅ ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ማሞቅ ያስፈልጋል። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ቁስ ግን የያዘውን በየጥቂት ደቂቃው እያራገፈ፣ ይህንኑ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ዙር እየደጋገመ መኖር አለበት። እንግዲህ እርስዎ መሐንዲስ እንደመሆንዎ ሊጠይቁ የሚገባዎት ቁሱ ስንት ይይዛል ከሚለው ይልቅ በአንድ ዙር ስንት ይዞ ስንቱን ያራግፋል፣ ለማራገፉስ ምን ያህል ሙቀት ይፈልጋል የሚለውን ነው።

እስከ ዛሬ በሰፊው የተሠራበት ዘዴ ቀዳዳማ ቁስ አይደለም። አሚን የሚባል ውህድ የተሟሟበት ውሃ ሲሆን፣ በአሜሪካ የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1930 ነው። ጭሱ በፈሳሹ ውስጥ ሲያልፍ አሚኑ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይቆራኘዋል፤ ከዚያም ፈሳሹ ወደ 120 ዲግሪ ሲሞቅ ጋዙ ይለቀቃል። ዘዴው አስተማማኝ ነው። ችግሩ ጋዙን ለማስለቀቅ ሲባል ያ ሁሉ ውሃ አብሮ መሞቁ ነው። በተለመደው አሚን አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመለየት 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይጠይቃል። ይህን ያህል ኃይል 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ለ12 ቀናት ያህል ቢነድ የሚፈጀው ነው። አንድ ቶን ደግሞ አንድ መካከለኛ የሲሚንቶ ፋብሪካ በደቂቃ ውስጥ የሚያወጣው ነው።

ጠጣር ቁስ ተስፋ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ የሚሞቀው ውሃ የለም፣ በግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ጋዝ ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ኃይልም ከአሚኑ ቁርኝት ያነሰ ነው። 13ኤክስ የሚባለው ዜዮላይት በደረቅና ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ በክፍል ሙቀት ከክብደቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ጋዝ ይይዛል። ነገር ግን ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ጋዝ ደረቅ አይደለም። ማንኛውም ነዳጅ ሲቃጠል እንፋሎት አብሮ ይወጣል፤ ዜዮላይት ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ቢወድም ውሃን አብልጦ ይወዳል። ጭሱ በገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሶዲየሞቹ ሁሉ በውሃ ሞለኪውል ተይዘው ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ቦታ አይተርፍም። ውሃውን ለማባረር ደግሞ ወደ 300 ዲግሪ መውጣት የግድ ስለሚሆን በመያዝ የተገኘው ቁጠባ በማድረቅ ያልቃል።

አዲሶቹ ቁሶች የተፈለጉት በዚህ ምክንያት ነው። ዜዮላይትን ተፈጥሮ ወይም ምድጃ እንደፈቀደ ይሠራዋል፤ ሞፍ ተብለው በአጭሩ የሚጠሩት ግን የሚገጣጠሙ ናቸው። የብረታ ብረት አዮኖች እንደ ማዕዘን፣ የካርቦን ውህዶች ደግሞ በማዕዘኖቹ መካከል እንደተጋደሙ አግዳሚዎች ሆነው ባዶ ክፍሎች ያሉት ማዕቀፍ ይሠራሉ። አግዳሚውን ማስረዘም ክፍሉን ያሰፋል፤ ማዕዘኑን መቀየር ግድግዳው ማንን እንደሚወድ ይቀይራል። ሮብሰን ሐሳቡ የመጣላቸው በ1974 ለተማሪዎቻቸው የሞለኪውል ምሳሌ ለማሠራት የእንጨት ኳሶችን በሚያስበሱበት ጊዜ ነበር፤ ቀዳዳዎቹ በትክክለኛው አንግል ከተበሱ ኳሶቹና ዘንጎቹ ራሳቸው ትክክለኛውን ቅርጽ እንደሚይዙ አስተዋሉ። ይህን በእውነተኛ አዮኖች ሞክረው ውጤቱን ያሳተሙት በ1989 ነው። ማዕቀፋቸው ግን በቀላሉ የሚፈርስ ነበር። ኪታጋዋ በ1997 ጋዝ ገብቶ ሲወጣ የማይፈርስ ማዕቀፍ አሳዩ። በሁለት ዓመቱ የያጊ ሞፍ 5 መጣ፤ ባዶውን እስከ 300 ዲግሪ ቢሞቅ የማይናድ ነበር። በአማን ከተማ ከፍልስጤማውያን ስደተኞች ተወልደው የቧንቧ ውሃ በሌለበት ጠባብ ቤት ያደጉት ያጊ፣ ኋላ በእነዚሁ ቁሶች ከበረሃ አየር ውሃ መሰብሰብን የሕይወት ሥራቸው ማድረጋቸው ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል።

ይሁንና ሞፍ 5ም እርጥበት ሲነካው ይበላሻል። ብዙ አንባቢ አዲስ ሞፍ በተሠራ ቁጥር የሚወጣውን ግዙፍ የገጽ ስፋት አይቶ ይደነቃል፤ እኔ በበኩሌ አስቀድሜ የምፈልገው ቁሱ በእርጥብ ጭስ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተፈተነ የሚናገረውን አንቀጽ ነው። በዚህ መለኪያ እስካሁን የምመርጠው በካናዳ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የጆርጅ ሺሚዙ ቡድን የሠራውንና በ2021 በዝርዝር የተገለጸውን ካልፍ 20 ነው። የተሠራው ከዚንክ፣ ትራያዞል ከሚባል ውህድ እና በቆስጣ ቅጠል ውስጥም ከሚገኘው ኦክሳሊክ አሲድ ነው። የገጹ ስፋት ከሌሎች ሞፎች አንጻር መጠነኛ ነው። ነገር ግን አንጻራዊ እርጥበቱ ከ40 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ ከውሃ ይልቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያስቀድማል፣ እንፋሎት ቢነፋበትም አይፈርስም። ስለዚህ የያዘውን ለማስለቀቅ እንፋሎት መንፋት ይበቃል። ስቫንቴ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ይህን ቁስ በስስ ሉህ ላይ ለብጦ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሪችመንድ ባለ የላፋርዥ ሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ላይ በቀን አንድ ቶን በሚይዝ መሣሪያ ፈትኖታል፤ የጀርመኑ የኬሚካል ኩባንያ ቢኤኤስኤፍም ቁሱን በብዙ መቶ ቶን መጠን ማምረት ጀምሯል። ከቤተ ሙከራ ጠርሙስ ወጥተው እዚህ የደረሱ ሞፎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሌላ መንገድም አለ፤ አሚኑን ከውሃው አውጥቶ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ማንጠልጠል። በ2015 በርክሊ የሚገኘው የጄፍሪ ሎንግ ቡድን ማግኒዥየም ባለው ሞፍ ውስጥ ይህን አድርጎ ያልተጠበቀ ነገር ገለጸ። የጋዙ ግፊት ከተወሰነ ወለል በታች እስከሆነ ቁሱ የሚይዘው ከምንም አይቆጠርም፤ ወለሉን ሲያልፍ ግን የመጀመሪያው ሞለኪውል በብረቱና በአሚኑ መካከል ገብቶ ለጎረቤቱ መንገድ ስለሚከፍት፣ ያም ለሚቀጥለው፣ መስመሩ በአንድ ጊዜ ይሞላል። ሲሞቅም እንዲሁ ተያይዞ ይለቃል። ጥቅሙ ለእርስዎ ሙያ ግልጽ ይመስለኛል፤ በሙሉና በባዶ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ትንሽ ሆነ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በምሠራበት ሆስፒታል ያለው የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር በውስጡ ዜዮላይት እንዳለው የጥገና ባለሙያው ነግሮኛል። ከዚህ ጉዳይ ጋር ግንኙነት አለው?
(ነርስ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አለው፤ እንዲያውም በኮቪድ ዘመን ብዙ ሕይወት ያተረፈው ያ ማሽን የዚህ ሁሉ ሐሳብ የቅርብ ዘመድ ነው። ማሽኑ አጠገብ ሲቆሙ በየጥቂት ሰከንዱ የሚሰሙት የትንፋሽ ድምፅ ሁለት ትንንሽ የዜዮላይት ማማዎች ተራ ሲለዋወጡ ነው። አየሩ በግፊት ወደ አንደኛው ሲገባ ዜዮላይቱ ናይትሮጅኑን ይይዝና ኦክስጅኑ ያልፋል፤ ማማው ሲሞላ ግፊቱ ይለቀቃል፣ ናይትሮጅኑም ሹልክ ብሎ ይወጣል። እስከዚያ ሌላኛው ማማ ተረኛ ሆኖ ይይዛል። ለበሽተኛው የሚደርሰው 93 በመቶ ገደማ ኦክስጅን የሚገኘው እንደዚህ ነው። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ክዳኑ ሲከፈት ጋዙ የሚወጣበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ግፊት ሲቀንስ የተያዘ ጋዝ ይለቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይድንም በሙቀት ፈንታ በግፊት ለውጥ ማራገፍ የሚቻል ሲሆን፣ በዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ጠፈርተኞች የሚያስወጡትን ትንፋሽ የሚያጣራው መሣሪያም ዜዮላይትን እያሞቀና ወደ ባዶው ሕዋ እየከፈተ ይሠራል። እዚያም ቢሆን አየሩ ወደ ዜዮላይቱ ከመድረሱ በፊት እንዲደርቅ ይደረጋል።

በቀዶ ሕክምና ክፍላችሁ የማደንዘዣው ማሽን ላይ ያለውን ነጭ ጠጠርም አይተውት ይሆናል። "ሶዳ ላይም" ይባላል፤ ከበሽተኛው ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድን እየወሰደ ቀለሙ ወይን ጠጅ ሲሆን ይጣላል። እሱ አጥብቆ ይዞ የማይለቅ ነው። ለሰዓታት ሥራ ግሩም ነው፤ ለፋብሪካ ጭስ ግን በየቀኑ የተራራ ያህል ጠጠር መጣል ይጠይቅ ነበር።

ጥያቄ፦ ከሰል ቀዳዳማ ስለሆነ መርዛማ አየር ይመጣል ሲባል ሰምቼ በልጆቼ መኝታ ክፍል በሳህን አድርጌ አስቀምጫለሁ። ይጠቅማል?
(እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ አይጠቅምም። ለውሃና ለጋዝ ማጣሪያ የሚውለው የታከመ ከሰል በአንድ ግራም ወደ 1,000 ካሬ ሜትር ገጽ የሚኖረው በከፍተኛ ሙቀት በእንፋሎት ቀዳዳዎቹ ከተከፈቱ በኋላ ነው፤ የገበያው ከሰል ግን ቀዳዳዎቹ በአብዛኛው የተደፈኑ ናቸው። የታከመውም ቢሆን ሽታን ይቀንስ ይሆናል እንጂ፣ በክፍል አየር ውስጥ ባለው አነስተኛ መጠን ከክብደቱ አንድ መቶኛ የሚሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንኳ አይዝም። አንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ያስወጣል። መስኮት ጥቂት መክፈት ከማንኛውም ሳህን ይበልጣል።

እባክዎ አንድ ነገር ግን አደራ። የነደደ ከሰል ልጆች በሚተኙበት ዝግ ክፍል ውስጥ በፍጹም አያስገቡ፤ ፍሙ ጭስ ባይታይበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል፤ አጠገቡ የተቀመጠ ያልነደደ ከሰልም አያድነውም።

ጥያቄ፦ በየክረምቱ ችግኝ እየተከልን ለዚህ ሁሉ ማሽን መድከም ለምን አስፈለገ? ደግሞስ ለእንደኛ ዓይነት አገር ምን ይፈይዳል?
(የግብርና ባለሙያ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የጥያቄዎን የመጀመሪያ ክፍል የሚመጥን አንድ ንጽጽር አለ። በጥቅምት 2024 የያጊ ቡድን ኮፍ 999 ስለተባለ ብረት የሌለበት ቀዳዳማ ቁስ ሲያሳትም፣ 200 ግራም የሚሆነው በዓመት ከአየር 20 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊወስድ እንደሚችል፣ ይህም አንድ ትልቅ ዛፍ ከሚወስደው ጋር እንደሚቀራረብ ተገልጿል። ቁሱ በበርክሊ ከተማ የውጭ አየር ከነእርጥበቱ ለ100 ዙር ሲፈተን አቅሙ አልቀነሰም፤ ለማራገፍ የሚፈልገውም 60 ዲግሪ ብቻ ነው። የሚያስደስት ውጤት ነው። ነገር ግን ዛፉ ማራገቢያ አይፈልግም፣ ሙቀት አይፈልግም፣ አፈር ይይዛል፣ ጥላ ይሰጣል፤ በሌላ በኩል ከተቆረጠ ወይም ከነደደ የያዘውን ሁሉ ይመልሳል። እኔ አንዱን በሌላው ለመተካት የሚከራከሩትን ሁለቱንም ወገኖች አልከተልም። ዓለም ከነዳጅ ብቻ በዓመት 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ እየለቀቀች ሳለ ዋናው ሥራ አለመልቀቅ ነው፤ የመያዣ ቁስ የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው።

ከአየር ላይ መያዝ ለምን ከባድ እንደሆነ በአዲስ አበባ አየር እናስላው። ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሆኑት ከ420 ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ በከተማዋ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚገኘው 0.6 ግራም ያህል ነው። አንድ ቶን ለመሰብሰብ ቢያንስ 1.6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አየር በማጣሪያ ውስጥ ማሳለፍ ያስፈልጋል ማለት ነው። በአይስላንድ ክላይምዎርክስ የተባለው ኩባንያ በ2021 በዓመት 4,000 ቶን፣ በ2024 ደግሞ 36,000 ቶን እንዲይዙ የተነደፉ ጣቢያዎችን ከፍቷል፤ ሁለቱም ከተነደፈላቸው አቅም በታች ሲሠሩ ቆይተዋል። ከሲሚንቶ ጭስ ማውጫ የሚወጣው ጋዝ ግን አንድ አምስተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊሆን ይችላል፤ ከአየሩ 500 ጊዜ ያህል የበለጸገ ነው።

ለአገራችን የሚኖረውን ፋይዳ የማየው ከዚህ በመነሳት ነው። ከኤሌክትሪካችን ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ስለሆነ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ጭስ የለብንም። ሲሚንቶ ግን አለን፤ ግንባታው እስከቀጠለ ድረስም ይኖረናል። በሲሚንቶ ላይ ነዳጅ መቀየር ችግሩን በከፊል ብቻ ነው የሚያቃልለው፤ 100 ኪሎ ግራም ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በምድጃ ሲጠበስ ነዳጁ ምንም ይሁን ምን ከድንጋዩ ራሱ 44 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ፋብሪካው በፀሐይ ቢሠራ እንኳ ይህ አይቀርም። ከጭስ ማውጫው ላይ መያዝ ሌላ አማራጭ የሌለው ሥራ የሚሆነው እዚህ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የአገር ውስጥ ተመራማሪ ከአየር ከመያዝ በፊት ወደ ሲሚንቶ ምድጃ ቢሄድ እመርጣለሁ። ጥሬ ዕቃውም ሩቅ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ካኦሊን ከሚባል የአገር ውስጥ ነጭ ሸክላ አፈር ዜዮላይት መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል። የእርጥበቱ ችግር ግን በእኛም አገር ያው የእርጥበት ችግር ነው።

የተያዘውስ ወዴት ይሄዳል? በአይስላንድ ጋዙን በውሃ አሟሙተው ባዛልት ወደሚባለው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ያስገቡታል። በ2016 የታተመው የካርብፊክስ ፕሮጀክት ውጤት እንደሚያሳየው ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወደ ድንጋይነት ተቀይሯል። የኢትዮጵያ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት የተሠራ ነው፤ የሰሜን ተራሮች ገደል ቁልጭ አድርጎ ያሳየዋል። በስምጥ ሸለቆም የከርሰ ምድር ሙቀት አለ፤ በጎረቤት ኬንያ ኦክታቪያ ካርቦን የተባለ ኩባንያ ይህን ሁለቱን አጣምሮ ለመጠቀም እየሠራ ነው። እርስዎ ግን የግብርና ባለሙያ ነዎትና አንድ ቁጥር አይዘንጉ፤ በአይስላንዱ ዘዴ አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማሟሟት ወደ 25 ቶን ውሃ ያስፈልጋል። በስምጥ ሸለቆ ውሃ ለማን እንደሚቀድም እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ይህን በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ለተማሪዎች በዓይናቸው ማሳየት ይቻላል?
(የኬሚስትሪ መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ ይቻላል፤ የሚያስፈልገውም 10 ግራም ያህል ዜዮላይት፣ የብርጭቆ ፍላስክና ፊኛ ነው። ዜዮላይቱን ለመግዛት ካልተቻለ በአቅራቢያዎ ያለን የሆስፒታል ጥገና ክፍል ይጠይቁ፤ ከአገልግሎት ውጪ ከሆነ ኮንሰንትሬተር የሚወጣው ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው እርጥበት ጠግቦ ስለሆነ ሲጋል ይታደሳል። በሚገለብጡበት ጊዜ ግን አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ አቧራው ደቃቅ ነው።

ጠጠሩን ወደ 300 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ለጥቂት ሰዓታት ያግሉትና በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያቀዝቅዙት። በሌላ ጠርሙስ ኮምጣጤና የቤኪንግ ሶዳ ዱቄት ቀላቅለው በሚወጣው ጋዝ ፊኛውን ይንፉ፤ ከዚያ የፊኛውን አፍ ጋዙ ሳያመልጥ ቀዝቃዛው ዜዮላይት ባለበት ፍላስክ አፍ ላይ ያልብሱት። ፊኛው በደቂቃዎች ውስጥ እየጎደለ ይሄዳል፤ 10 ግራሙ ብቻውን አንድ ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይይዛል። ተማሪዎቹ የፍላስኩን ታች በመዳፋቸው ይንኩት፤ ሞለኪውሎቹ ግድግዳው ላይ ሲያርፉ የሚለቁት ሙቀት ይሰማቸዋል። ያው ሙቀት ነው በማራገፊያው ጊዜ ተመልሶ መከፈል ያለበት። ፍላስኩን በፈላ ውሃ ውስጥ ሲያስቀምጡት ፊኛው በከፊል መልሶ ይነሳል። ካገሉት በኋላ በደረቀው ዜዮላይት ላይ ውሃ እንዳይፈስበት ይጠንቀቁ፤ በኃይል ይሞቃል።

በመጨረሻ ያንኑ ዜዮላይት ሳይሸፍኑ በአንድ የክረምት ሌሊት መስኮት ዳር ያሳድሩትና በማግስቱ ሌላ ፊኛ ያልብሱት። ፊኛው እንደተነፋ ይቆያል፤ ቀዳዳዎቹን ሌሊቱን የዝናቡ እርጥበት ወስዷቸዋል።